ግንቡን መጨረሻ የነካው ማነው?

ከእናንተ ከወጣት መሐንዲሶቹ አንዱ ባለፈው ሳይት ላይ «ጋሼ፣ ሩማንያ ድረስ ሄደህ ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን ሳቅ ብዬ አለፍኩት። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፣ ልመልስ። ይዤ የመጣሁት አንድ ግንብ ነው።

ግንቡ ኦራሽቲዬ በሚባሉት ተራሮች ውስጥ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ቦታው ሳርሚዜጄቱሳ ይባላል። የዳቺያ ነገሥታት መናገሻ ነበር። (ዳቺያ የምትባለው መኪና ስሟን ያገኘችው ከዚህች ጥንታዊ አገር ነው።) የሄድነው በ1972 ክረምት ነው። ጊዜው የሩማንያው መሪ የቻውሼስኩ ነበር፤ መንግሥት የተባበረችውን ዳቺያ 2,050ኛ ዓመት በሰልፍና በባንዲራ ያከብር ነበር። እኛ ተማሪዎቹ የሄድነው ግን ድንጋይ ልናይ ነው።

የዳቺያ ሰዎች ግንብ እንዲህ ይሠራል። ሁለት የተጠረበ ድንጋይ ገጽ ይቆማል፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። መሀሉ በአፈርና በኮረት ይሞላል። ውፍረቱ ወደ 3 ሜትር ነው። ኖራ የለም፣ ምንም ማጣበቂያ የለም። ታዲያ ሙሌቱ ሲያብጥ ገጹን ገፍቶ ለምን አይጥለውም? ድንጋዩ አናት ላይ ከፊት ሰፋ፣ ከኋላ ጠበብ ያለ ቦይ ተቆርጧል። የእንጨት ግንድ ጫፍ እዚያ ውስጥ ይገባል። ግንዱ ሙሌቱን አቋርጦ ሁለቱን ገጾች ያያይዛቸዋል። ቢስቡት አይለቅም። ድንጋዩ ራሱ እዚያ የተገኘ እንዳይመስላችሁ፤ የኖራ ድንጋዩን በአስር የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አጓጉዘው ተራራ ላይ ያወጡት ነው። ለዝናቡም የድንጋይ ቦይ፣ ለመጠጡም የሸክላ ቧንቧ ነበራቸው። ተራራውን ቆርጠው ደርብ በደርብ ሲያደላድሉት ውሃው የት እንደሚሄድ አስበውበታል።

አስተማሪያችን ሽማግሌ ነበሩ። ከግንቡ ፊት አቁመውን «ይህን ማን ሠራው?» አሉ። ሁላችንም በአንድ አፍ «ዳቺያውያን!» «እስቲ ደግማችሁ እዩት።» አየን። እየቆየ ነው የገባን። እዚህ የተቆረጠ ቦይ የለም። እዚያ ደግሞ ከካብ ጋር የማይሄድ ክብ ድንጋይ ተሰክቷል፣ የቤተ መቅደስ ዓምድ ይቆምበት የነበረ። ይህኛው የሮማ ወታደር ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳቺያው ንጉሥ ዴቼባል ከሮማ ጋር ሁለት ጊዜ ተዋጋ፣ እ.ኤ.አ. ከ101 እስከ 102 እና ከ105 እስከ 106። በሁለተኛው ተሸነፈ፣ እጁን ላለመስጠት ራሱን ገደለ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ትራያን ተራራው አናት ላይ ጦር አሰፈረ፤ የ4ኛው ፍላቪያ ሌጌዎን (የሮማ ጦር ክፍል) ስም ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ወታደሮቹ ቤተ መቅደሱን እያፈረሱ ግንቡን አስፋፉ። ብዙም ሳይቆይ ተራራው ተተወ። ሮማውያን ከዚያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ሜዳው ላይ አዲስ ዋና ከተማ ቆረቆሩ። ስሙን ግን ከአሮጌው ወሰዱለት፦ ኡልፒያ ትራያና ሳርሚዜጄቱሳ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ለሙያችን ክብር። እ.ኤ.አ. በ89 ሮማ ከዴቼባል ጋር ስትታረቅ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሰጠችው፣ የእጅ ባለሙያና መሐንዲስም ሰጥታዋለች። በ102 ትራያን ሲያሸንፍ ደግሞ ምሽጎቹ ይፍረሱ፣ የጦር መሣሪያው ይምጣ፣ መሐንዲሶቹም ይመለሱ አለ። ሥራ ላይ ሳለሁ ደመወዛችን ሲያንስ ይህን እያነሳሁ እጽናና ነበር።

አስተማሪዬ ያሉትን ግን ቶሎ አልተማርኩትም። ሥራ በያዝኩ በ3ኛው ዓመት ከመንገድ በላይ ያለ አሮጌ የድንጋይ ግንብ እንዳይ ተላክሁ። ፊቱን በመዶሻ መታ መታ አደረግሁ። ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። «ደህና ነው» ብዬ ፈረምኩ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት ወርዶ መንገዱን ዘጋው። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠዋት ፍርስራሹ ላይ ቆሜ ሳየው ድንጋዮቹ ጀርባ ላይ ጭቃው እንደ ገንፎ ነው። ከእኔ በፊት የመጣ አንድ ሰው ለውበት ብሎ ክፍተቱን በሙሉ በሲሚንቶ ደፍኖታል። ውሃው መውጫ አጣ። ስንጥቅ ያልነበረውም ለዚህ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኔንም እያሳሳቀ ነው የወሰደኝ። ሪፖርቱን ስጽፍ የሽማግሌው ድምፅ ነበር ጆሮዬ ላይ፤ «ደግማችሁ እዩት።»

ስለዚህ አንድ አሮጌ ነገር ፈትሹ ስትባሉ መጀመሪያ የሠራውን አትጠይቁ። መጨረሻ የነካውን ጠይቁ። ለምን ነካው? ምን ደፈነ? ከየት አምጥቶ ሞላው? ዶሴ ከሌለ የሰፈር ሽማግሌ ይኖራል፣ ባለሱቁ ይኖራል። ቀለሙ የተለየ ሲሚንቶ ካያችሁ ደግሞ ቆም በሉ።

ያን ቀን ከመመለሳችን በፊት እጄን ከቦዮቹ አንዱ ውስጥ ከትቼው ነበር። እንጨቱ ከበሰበሰ ዘመን የለውም። የዝናብ ውሃና የድንጋይ ሽበት ነው ያገኘሁት። ጠርዙ ግን ትናንት የተቆረጠ ይመስል ነበር፣ ጣቴን ያዝ አደረገኝ።

ቅዳሜ ያን ከወንዙ ዳር ያለውን ግንብ አብረን እናያለን። ቦት ጫማና ባትሪ ያዙ። የምንጀምረው ከጀርባው ነው።