ለብቻሽ ኩባንያ ማቋቋም ትችያለሽ፤ የወረቀት ባለድርሻ አታስገቢ

«በቴሌግራም የልጆች ልብስ እሸጣለሁ፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም የግድ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህት፦ አያስፈልግሽም። ጉዳይ አስፈጻሚው «ባልሽን በአንድ ድርሻ አስገቢው» ቢልሽ እንዳትሰሚው።

1. ሕጉን ይዘሽ ሂጂ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከ2 ያላነሱ፣ ከ50 ያልበለጡ አባላት ይጠይቅ ነበር። በዚህ የተነሳ ስንት እናትና ስንት የአጎት ልጅ በማያውቁት ድርጅት ባለድርሻ ሆነው ኖረዋል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ማኅበርን ፈቀደ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

እኔ ድርጅቴን ለማስመዝገብ የሄድኩት በ2014 ነው። ማመልከቻውን ቤቴ ቁጭ ብዬ በኦንላይን ሞላሁ። ዘመን መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ «ኦርጅናል ይዘሽ በአካል ቅረቢ» ተባልኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ «አንቺ፣ ሁለተኛው ሰው የታለ?» አለችኝ። አዋጁን ከስልኬ አሳየኋት። «ለእኛ መመሪያ አልወረደልንም» ብላ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። (ኃላፊ ስብሰባ የማይገባበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።) ዕቃዬ ደግሞ ጉምሩክ ቆሟል። ምን ላድርግ? የአክስቴን ልጅ በአንድ ድርሻ አስገባሁት።

2. ዋጋው የሚታወቅሽ በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ ክፋት የለበትም፤ ግን ሥራ አግኝቶ ዱባይ ሄደ። እኔ ብድር ስጠይቅ ባንኩ ሁሉም አባላት የፈረሙበት፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ያጸደቀው ቃለ ጉባኤ አምጪ አለኝ። እሱ ከአሠሪው ፈቃድ እየለመነ፣ በስሙ እንድፈርምና ድርሻውንም ወደ ስሜ እንዳዞር ከቆንስላ ውክልና ላከ። ውክልናው አዲስ አበባ ሲደርስ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ያን ሁሉ ዞሬ ስጨርስ «ድርሻ ለመሸጥና ለማስተላለፍ የሚል ቃል የለበትም» ተባለና እንደገና አጻፈ። የፋሲካ ገበያ በዚህ መሐል አለፈኝ። ድርሻውን ወደ ስሜ ሳዞር ደግሞ የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለም የሚል ማስረጃ) መጣ። ለአንድ ሺህ ብር ድርሻ እኮ ነው!

3. አዋጆቹን አትመሽ ያዢ፤ አንቀጹን በማርከር አቅልሚው። ስለ ዲጂታል የወጣውን ሕግም ቢሆን በወረቀት ካላሳየሻቸው አያምኑሽም። «ማኅተም የለውም» ለሚሉሽ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለልሽ፤ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። ፋይዳንም ማንነትን ለማረጋገጥ በቂ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው።

«መመሪያ አልወረደም» ከመጣ ደግሞ «ይህንኑ በጽሑፍ ስጡኝ» በይ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። እኔ ለድርሻው ዝውውር ስመላለስ ይህን ስናገር የታጣው ኃላፊ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከች አሉ። «እርስዎ» ተባልኩ። ወንበርም ቀረበልኝ።

4. ደንበኛ በቴሌብር የሚከፍልሽ በግል ስልክሽ ከሆነ አሁኑኑ ለይው። የድርጅቱንና የግልሽን ገንዘብ ካቀላቀልሽ ዕዳው ወደ ግል ንብረትሽ ሊመጣ ይችላል። ብቻሽን ስትሆኚ ደግሞ ብትሞቺ ወይም መሥራት ቢያቅትሽ በምትክሽ የሚቆም ሰው ትሰይሚያለሽ። እኔ እህቴን ሰየምኩ። የአክስቴ ልጅ ይህን ሰምቶ «እኔን አስቀይመሽ?» ብሎ ከዱባይ ደወለ፤ በሳቅ ሞትን።

የማቋቋሚያ ሰነዱን ናሙና ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፤ ስሞቹን አጥፍቼ እልክልሻለሁ። ለዚህ ብለሽ ለጉዳይ አስፈጻሚ አምስት ሳንቲም አትክፈዪ።