ቁም ጽሕፈት ወይስ ከርሲቭ? ለወላጆች ጥያቄዎች መልስ

ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ ወላጆች ሰሞኑን ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እጅ ጽሑፍ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ መልሻለሁ። ቁም ጽሕፈት ስል እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የሚቆምበትን፣ ከርሲቭ ስል ደግሞ ፊደላቱ ተያይዘው የሚጻፉበትን ማለቴ ነው። የማወራው ስለ ላቲን ፊደል ነው፤ የእኛው ፊደል አንድ ቦታ ላይ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኗታል። እኩዮቿ ስማቸውን ይጽፋሉ። የእኔዋ እርሳስ ስታይ ትሸሻለች። ዘገየን?

መልስ፦ አልዘገያችሁም። በዚህ ዕድሜ ከፊደል በፊት መታየት ያለበት ቅርጽ ነው። ብዙ ልጆች ሦስት ዓመት አካባቢ ክብ ይስላሉ። አራት ሲሞላቸው የመደመር ምልክት፣ ቀጥሎም አራት ማዕዘን አይተው መሳል ይችላሉ። ኤክስ ላይ ያሉት ሰያፍ መስመሮች ግን ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት አካባቢ ነው የሚመጡት። ኬ፣ ቪ እና ደብሊው ደግሞ ያለ ሰያፍ መስመር አይጻፉም። ልጅቷ ገና ያልደረሰችበትን ነገር ብትሸሽ ምን ይገርማል?

እስከዚያ ጣቶቿ ይጠንክሩ። በመቀስ ትቁረጥ፣ ወረቀት ትቅደድ፣ ጭቃ ታድቦልቡል፣ ዶቃ ትሰካ። ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት መሳልም ለእጅ አንጓ ጥሩ ነው። ጠመኔ ሲሰጧት ሰብረው ቁራጩን ይስጧት። ቁራጭ ጠመኔ በመዳፍ አይጨበጥም፤ በጣት መያዝ የግድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በቁም ጽሕፈት ልጀምር ወይስ በቀጥታ በከርሲቭ? አንዱ ይሄን ይላል፣ ሌላው ያንን። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ግራ ቢገባዎት አይፈረድብዎትም፤ አገሮችም አልተስማሙም። የፈረንሳይ ልጆች ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በተያያዘ ጽሕፈት ይጽፋሉ። ጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በከፈተችው የልጆች ቤት ትንንሾቹ የሚዳስሷቸው የብርጭቆ ወረቀት ፊደሎች የከርሲቭ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቁም ጽሕፈት ለጀማሪዎች መስጠት የተስፋፋው ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ልጆች የሚጀምሩት በተያያዘው ነበር። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከርሲቭ ማስተማር ግዴታ መሆኑን አንስታለች። ካሊፎርኒያ በተቃራኒው በ2023 ሕግ አውጥታ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል እንዲሰጥ አድርጋለች። ሁሉም ዘንድ መጻፍ የሚችሉ ልጆች አሉ።

የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ ቁም ጽሕፈት ይቅደም። ልጁ በመጽሐፍ የሚያየው እሱን ነው። ማንበብና መጻፍ አንድ ቅርጽ ላይ ሲገናኙ ሸክሙ ይቀልለታል። ፊደሎቹን ሳያስብ መጻፍ ሲችል፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አካባቢ፣ ወደ ከርሲቭ ይሻገር። ከዚህ የማስወጣው ቢ እና ዲ እየተምታቱበት የተቸገረውን ልጅ ነው። በከርሲቭ ቢ በረጅም ቀለበት ወደ ላይ ወጥቶ ይጀምራል፤ ዲ ግን እንደ ኤ በጥምዝ ይጀምራል። እጁ ስለሚለያቸው ዓይኑም ይለያቸዋል። (ቢ እና ዲን መገልበጥ ራሱ እስከ ሰባት ዓመት ድረስ የተለመደ ነው፤ አይደንግጡ።) አንዱን ይምረጡና ይጽኑበት። ሁለቱን በአንድ ሰሞን መጀመር ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ልጄ ቆንጆ አድርጎ ይጽፋል። ግን ፊደሎቹን ከታች ወደ ላይ ነው የሚስላቸው። ገጹ ካማረ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ብዙ ወላጅ ይህን ልብ ሳይለው ያልፋል፤ እርስዎ በማየትዎ ጎበዝ ነዎት። ችግር አለው። ዛሬ ግን አይታይም።

ቁም ጽሕፈት ይቅር ባይ ነው። ኦን ወደ ቀኝም አዙሩት ወደ ግራ፣ ወረቀቱ ላይ ያው ኦ ነው። ከርሲቭ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚፈላው። ኤ፣ ዲ፣ ጂ እና ኪው ሁሉም የሚወጡት ወደ ግራ ከሚዞረው ከዚያው ጥምዝ ነው። ክቡን በተቃራኒው የለመደ እጅ እነዚህን ሁሉ እንደ አዲስ መማር አለበት። ፍጥነትም ሲጠየቅ ከታች የሚጀምር ልጅ እርሳሱን ደጋግሞ ያነሳል፣ ይደክመዋል፣ ጽሑፉም ይበላሻል። ስለዚህ ልጁ ሲጽፍ ገጹን ትተው እጁን ይዩ። ካለቀ በኋላ የሚታረም ደብተር ይህን አይነግርዎትም። ቤት ማስተማር አንድ ትልቅ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ከአጠገቡ ተቀምጠዋል።

በቁም ጽሕፈት ከትንንሾቹ ፊደሎች አንድም ከታች የሚጀምር የለም። ዲ እና ኢ ከመሃል ይነሳሉ፤ ሌሎቹ ከአናታቸው። በኤቢሲዲ ተራ አያስተምሯቸው፤ በቤተሰብ ይስጧቸው። መጀመሪያ ሲ፣ ኦ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኪው። ከዚያ ኤል፣ አይ፣ ቲ፣ ዩ፣ ጄ። ቀጥሎ ወርደው በዚያው መስመር የሚመለሱት አር፣ ኤን፣ ኤም፣ ኤች፣ ቢ፣ ፒ። ሰያፎቹ ቪ፣ ደብሊው፣ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ፣ ኬ መጨረሻ ላይ ይሁኑ። ኢ፣ ኤስ እና ኤፍ የራሳቸው ጸባይ አላቸው፤ ለየብቻ ይምጡ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ቁጥርና ቀስት ያለበት ሞዴል ያሳዩት። በጣቱ ይከተለው። ሸፍኑት። ከትውስታው ይጻፍ። ግለጡና ያስተያይ። ሦስት አራት ከጻፈ ይበቃል፤ ከመካከላቸው የትኛው እንዳማረ እሱ ራሱ ይክበብ። ገጽ ሙሉ ማስጻፍ የሚያተርፈው መሰልቸትን ነው፤ አምስተኛው መስመር ላይ ያለው ፊደል ከመጀመሪያው ሲብስ አላዩም?

ጥያቄ፦ ነጠብጣብ የሚከተሉበት ወርክሺት ብቻ ብጠቀም ይበቃል?

መልስ፦ ለመግቢያ ያህል ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጁ ነጥብ ከነጥብ ያገናኛል እንጂ ፊደሉን አያስብም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ጥናት ገና ማንበብ ያልቻሉ የአምስት ዓመት ልጆችን ተመልክቷል። ፊደሎቹን በነጻ እጃቸው ጽፈው፣ በነጠብጣብ ተከትለውና በኪቦርድ ተይበው ተለማመዱ። በኋላ የአንጎላቸው ምስል ሲነሳ፣ ለንባብ የሚያገለግሉት ክፍሎች ይበልጥ የነቁት በነጻ እጅ ለጻፏቸው ፊደሎች ነበር። ነጠብጣቡን ሁለት ሦስቴ ይጠቀሙና ወደ ባዶ መስመር ይለፉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ግራኝ ናት። እኔ ቀኛማ ነኝ። እንዴት ላሳያት?

መልስ፦ ፊት ለፊቷ ይቀመጡ፤ እጅዎ እንደ መስታወት ይሆንላታል። ወረቀቷን ከሰውነቷ መሃል ትንሽ ወደ ግራ አድርገው አናቱን ወደ ቀኝ ያዘንብሉት። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጋ ትያዝ፤ ያኔ የጻፈችውን ታያለች፣ እጇንም እንደ ቆልማማ አታጥፍም። አግድም መስመሮችን፣ ለምሳሌ የቲን ማቋረጫ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ብትስብ ይተዉአት። ሌላው የሚዘነጋው ሞዴሉ ነው። ወርክሺቶች ሞዴሉን ግራ ጠርዝ ላይ ያደርጉታል፤ እጇ ይሸፍነዋል። በስተቀኝም ይጻፉላት። ቀኛማ ወንድም ካላት ጠረጴዛው ላይ በስተግራው ትቀመጥ፤ በክርን መጋጨት ይቀራል።

ጥያቄ፦ እርሳስ በአራት ጣት ይይዛል። ላስተካክለው?

መልስ፦ ካላመመው፣ ካልደከመውና ጽሑፉ ከተነበበ ይተዉት። ሦስት ጣት ብቸኛው ትክክለኛ አያያዝ አይደለም።

ጥያቄ፦ የጽሕፈት ሰዓት በደረሰ ቁጥር ልቅሶ ነው። ሁለታችንም ተማረርን።

መልስ፦ ስንት ደቂቃ ነው የሚያስጽፉት? ለትንንሾች በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። እግሩ መሬት ይንካ፤ ካልደረሰ የሆነ ነገር ያስደግፉለት። ደግሞ ጽሕፈትንና ድርሰትን ይለዩ። ታሪክ ሲያወራ እሱ ይናገር፣ እርስዎ ይጻፉ። ሐሳቡን፣ ስፔሊንጉንና የፊደሉን ቅርጽ ባንዴ መሸከም ለስድስት ዓመት ልጅ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ከርሲቭ አልችልም። እንዴት ላስተምር?

መልስ፦ ልጅዎን በአንድ ሳምንት ቀድመው ይማሩ፤ በቂ ነው። በትንንሾቹ ፊደሎች ይጀምሩ፤ ትልልቆቹ ይቆዩ። ኪው እና ዜድማ በከርሲቭ ትልቁ ቅርጻቸው ሰው ግራ የሚያጋቡ ናቸው። ትልቁን ፊደል በቁም ጽሕፈት ጽፎ የቀረውን ቢያያይዝ ማንም አይቀጣውም።

ፊደሎቹን ለየብቻ መጻፍ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማያያዣው ነው። አብዛኞቹ ፊደሉ በሚቆምበት የታች መስመር ላይ ያልቃሉ። ቢ፣ ኦ፣ ቪ እና ደብሊው ግን ከላይ ነው የሚያልቁት። ከእነሱ ቀጥሎ ኢ፣ አር ወይም ኤስ ሲመጣ የቀጣዩ ፊደል አጀማመር ይለወጣል። ልጆች የሚደናበሩት እዚህ ስለሆነ፣ ኦን ከአር፣ ቢን ከኢ፣ ደብሊውን ከኤስ ጋር ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ለብቻ ያለማምዷቸው። ይህ ሳይደረግ ወደ ሙሉ ቃል መሄድ ጥድፊያ ነው።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ፊደልና የላቲን ፊደል አብረው ቢሄዱ አይምታቱበትም?

መልስ፦ ጥቂት ይምታቱ ይሆናል። ሀ እና ዩ፣ ዐ እና ኦ፣ ፐ እና ቲ በቅርጽ ይመሳሰላሉ። በተለያየ ሰዓትና በተለያየ ደብተር ካደረጓቸው ግርታው ብዙም አይቆይም።

ጥያቄ፦ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። አንደበቱ የተፈታ ነው፣ ታሪክ ይናገራል። ሲጽፍ ግን እጁን ያመዋል፣ የጻፈውን ራሱም ማንበብ አይችልም። ስንፍና ነው?

መልስ፦ ስንፍና አይመስለኝም። በቂ ልምምድ እያለው በንግግሩና በጽሑፉ መካከል እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት ካለ ዲስግራፊያ የሚባለው የመጻፍ ችግር ሊሆን ይችላል። ሐኪም ወይም በልጆች የእጅ እንቅስቃሴ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ይየው። እስኪታይ ድረስ ረጅም ነገር በእጁ አያስጽፉት፤ በቃሉ ይመልስ ወይም ይተይብ።