ቁጥሩ እጅዎ ላይ እያለ ካዝናው አልከፈት ሲል

ጥያቄው የመጣው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከሚኖሩ አንዲት እህት ነው። አጎታቸው እዚያው ለረጅም ጊዜ ሱቅ ነበራቸው። አሁን አርፈዋል፤ ሱቁም ወደ እርሳቸው ዞሯል። ጓዳው ውስጥ አንድ አሮጌ የሞስለር ካዝና አለ። እጀታ አለው፣ ዲያሉም ከ0 እስከ 99 የተቆጠረ ነው። አጎታቸው በእጃቸው የጻፏት ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮች ሰፍረዋል። «ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ንቅንቅ አይልም። አንድ ልጅ በግራይንደር ልቁረጥልሽ እያለኝ ነው። የቤተሰቡ ሰነዶች ግን እዚያ ውስጥ ናቸው። ምን ይሻለኛል?» ይላሉ።

እህቴ፣ ልጁን አመስግነው ግራይንደሩን ይዞ እንዲመለስ ያድርጉ። ቁጥሩ ተጽፎ እያለ «አልከፈት አለ» የሚባል ካዝና አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ አይደለም። ወይ አዟዟሩ ላይ ስህተት አለ፣ ወይ ዕድሜ ቁጥሩን ትንሽ አንሸራቶታል፣ ወይ ደግሞ በሩ መቀርቀሪያውን ጨምድዶ ይዞታል። ሦስቱም ያለ ጉልበት ይፈታሉ።

መጀመሪያ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎ፤ ይህን ካወቁ ቀሪው ይቀልልዎታል። ከዲያሉ ጀርባ ሦስት ዲስኮች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ዲስክ ጠርዙ ላይ አንድ ክፍተት አለው። ሦስቱ ክፍተቶች በአንድ መስመር ሲገጥሙ ከላይ ያለች ትንሽ የብረት ክንድ ትገባባቸዋለች። ከዚያ በኋላ ዲያሉን ሲያዞሩ የቁልፉ ምላስ ይሳባል፤ እጀታውም ትላልቆቹን መቀርቀሪያዎች ለመሳብ ነፃ ይሆናል። ዲያሉ ሦስቱን ዲስኮች በቀጥታ አይዝም። አንዱ ሌላውን የሚጎትተው እንደ ባቡር ፉርጎ ነው፤ የመጀመሪያው ትንሽ ከሄደ በኋላ ሁለተኛውን ይይዛል፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን። ብዙ ዙር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ ዙር ከጎደለ የመጨረሻው ዲስክ አልተነካም ማለት ነው።

አሁን ወደ አዟዟሩ። ወረቀቱ ላይ ያለው 36፣ 72 እና 48 ነው እንበል። ዲያሉን ወደ ግራ፣ ማለትም ከሰዓት ዘንግ ተቃራኒ፣ እያዞሩ 36 ከዲያሉ አናት ባለው ምልክት ስር ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ ይቁሙ። ከዚያ ወደ ቀኝ አዙረው 72 ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ይቁሙ። እንደገና ወደ ግራ፣ 48 ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ይቁሙ። በመጨረሻ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ ዲያሉ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ያኔ እጀታውን ይሞክሩ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። የሚቆጠረው ዲያሉ የዞረው ዙር አይደለም፤ ቁጥሩ ምልክቱ ስር ያለፈበት ጊዜ ነው። ማዞር እንደጀመሩ ቁጥሩ መጀመሪያ ብቅ ሲል «አንድ» ይበሉ፣ ሙሉ ዙር ባይሞላም። ቁጥሩን ትንሽ ካለፉት ደግሞ ወደኋላ መመለስ የለም። ወደኋላ የመለሱት ዕለት ዲስኮቹ ተዛብተዋል። ከመጀመሪያው ቁጥር እንደገና ይጀምሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ዲያሉ ዙሪያ ያለው ቀለበት ላይ ሁለት ምልክት ካዩ ለመክፈቻ የሚያገለግለው በትክክል አናት ላይ ያለው ነው። ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ያለው ቁጥር ለመቀየር ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው ወራቱን ሙሉ በተሳሳተው ምልክት ሲሞክር ይከርማል። ቁመትዎንም ያስቡበት። ካዝናው ዝቅ ያለ ከሆነ ወንበር ስበው ቁጭ ይበሉ፣ ዲያሉን ፊት ለፊት ይዩት። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ቁጥሩን በግማሽ ወይም በአንድ ያዛባል። ዲያሉ መሐል ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ካለው ደግሞ እሱ መጀመሪያ መከፈት አለበት፤ የአጎትዎን የቁልፍ ዘለላ ይፈትሹ።

በዚህ ካልሆነ አቅጣጫውን ይገልብጡት። አንዳንድ አሮጌ ካዝናዎች የሚጀምሩት በቀኝ ነው፤ አራት ቀኝ፣ ሦስት ግራ፣ ሁለት ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ እስኪቆም።

ቀጥሎ የምጠይቅዎ ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ነው። በመጨረሻው ዙር ዲያሉ ይቆማል ወይስ ዝም ብሎ መዞሩን ይቀጥላል?

የሚቆም ከሆነ ደስ ይበልዎት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ክንዷ ገብታለች፣ የቁልፉም ምላስ ተስቧል። የያዘው በሩ ነው። ውስጥ ያለ ዕቃ ወደ በሩ ተደግፎ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በሩ በዕድሜ ትንሽ ወርዷል። አንድ ሰው በሩን በትከሻው ወደ ውስጥ ጠበቅ አድርጎ ይግፋው። እርስዎ እጀታውን መጀመሪያ ወደ መዝጊያው አቅጣጫ ገፍተው፣ ከዚያ ወደ መክፈቻው ይመልሱት። እጀታው አካባቢ በጎማ መዶሻ ለስለስ ያለ መታ መታ ቢጨምሩበት አይጎዳም። የብረት መዶሻ ግን አይቅረበው።

ዲያሉ ከመቆሙ በፊት ጠንክሮ እንደ መያዝ የሚል ከሆነ ደግሞ እጀታው ላይ ጫና አለ ማለት ነው። ሰው ሳያስበው በአንድ እጁ ዲያሉን እያዞረ በሌላው እጀታውን ይጎትታል። ያ ጉተታ የቁልፉን ምላስ ይጨብጠዋል። እጀታውን ወደ መዝጊያው አቅጣጫ ገፍተው ይዘው ዲያሉን ለብቻው ያዙሩት።

ምንም ሳይቆም የሚዞር ከሆነ ክንዷ አልገባችም። ዲስኮቹ አልገጠሙም ማለት ነው። እዚህ ላይ የዕድሜ ጉዳይ ይመጣል። ውስጡ ያለው ቅባት ዓመታት ሲያልፉ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፤ አንዱ ዲስክ ሲዞር መንቀሳቀስ የሌለበትን ጎረቤቱን ትንሽ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከመሞከርዎ በፊት ዲያሉን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብዙ ዙር እያዞሩ ያፍታቱት። ጓዳው ብርድ ከሆነ ያሙቁት። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ቁጥሩ ጋ ሲደርሱ ሳይገጩ ይቁሙ።

ከዚያ ቁጥሩን ማንሸራተት ነው። ደህና የሆነ ቁልፍ ከትክክለኛው ቁጥር በአንድ ከፍ ወይም ዝቅ ቢሉበትም ይከፍታል። ያረጀው ግን ሁለት ሦስት ቁጥር ሊሸሽ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሦስት አማራጭ ይያዙ፤ የተጻፈውን፣ ሁለት የቀነሰውን፣ ሁለት የጨመረውን። በምሳሌያችን 34፣ 36፣ 38፤ 70፣ 72፣ 74፤ 46፣ 48፣ 50። ሁሉም ሲባዛ 27 ሙከራ ነው። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ወረቀት ላይ ጽፈው የሞከሩትን ይሰርዙ፣ በቃል ከያዙት ይደባለቃል። እኔ መጀመሪያ የምሞክረው ሦስቱንም በአንድ ላይ ከፍ፣ ከዚያ ሦስቱንም በአንድ ላይ ዝቅ ማድረግ ነው። ዲያሉ ራሱ ዘንጉ ላይ ከተንሸራተተ ሦስቱም እኩል ነው የሚዛቡት።

ወረቀቱ ራሱ የድሮ ቁጥር ሊሆንም ይችላል። ሰው ቁጥሩን ቀይሮ አሮጌውን ወረቀት አይጥልም። አጎትዎ ሌላ የት ሊጽፉ እንደሚችሉ ያስቡ። የጠረጴዛ መሳቢያ ታች፣ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽ፣ ካዝናው ጎን ያለው ግድግዳ ላይ በእርሳስ። የስልክ ማውጫቸውን በደንብ ይዩ። ብዙ ነጋዴ የካዝናውን ቁጥር የማይታወቅ ሰው ስልክ አስመስሎ ይጽፋል።

የልደትና የሠርግ ቀንም ይሞክሩ። የእኛ ሰው ቁጥር ከሆነ ግን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ያስቡት። መስከረም 12 ቀን 1955 የተወለደ ሰው 12፣ 01፣ 55 ብሎ ሊሞላ ይችላል። ያው ቀን በአሜሪካ አጻጻፍ 9፣ 22፣ 62 ነው። ወርና ቀኑን ገልብጠውም ይሞክሩ። ቁልፉ በአንድ ወቅት ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካ የሚልክበት ቁጥር ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሳርጀንት ኤንድ ግሪንሊፍ የተባለው የካዝና ቁልፍ አምራች ቁልፎቹን ሁሉም ዲስክ 50 ላይ አድርጎ ነው የሚልከው። ወደ ግራ 50ን አራት ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እስኪቆም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በዘፈቀደ ግን አይሞክሩ። ሦስት ቁጥር ያለው ባለ መቶ ዲያል በስሌት አንድ ሚሊዮን አማራጭ አለው። ሁለት ሁለት እየዘለሉ ቢሄዱ እንኳ 125,000 ይቀራል። ለአንዱ 30 ሰከንድ ቢሉ ያለ እንቅልፍ ከ40 ቀን በላይ ነው።

ወደ ፋብሪካው ልደውል እንዳይሉም፣ ኦሃዮ ሃሚልተን የነበረው ሞስለር በ2001 እ.ኤ.አ. ከስሮ ተዘግቷል።

አሁን ስለ ጉልበት በግልጽ ልንገርዎ፤ ይህ የሚያሳስበኝ ነገር ነው። ዲያሉን በመዶሻ አንኩቶ ዘንጉን ወደ ውስጥ መምታት የጥንት ሌቦች ዘዴ ነበር። የካዝና ሠሪዎች መልስ ሰጥተውበታል። የቁልፉ ሽፋን ከቦታው ሲነቀል በስፕሪንግ የሚወረወር ተጨማሪ መቆለፊያ አለ። እሱ ከተወረወረ ትክክለኛው ቁጥር እንኳ አይከፍትም፤ የ27 ሙከራው ሥራ የባለሙያ ቀን ሙሉ ሥራ ይሆናል። በአንዳንዶቹ ከበሩ ጀርባ የመስታወት ሳህን አለ። በትራፓኖ ሲበሱት ይሰበርና ያንኑ መቆለፊያ ይለቃል።

የባሰም አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርታት አንዳንድ ካዝናዎች በር ውስጥ አስለቃሽ ጋዝ የያዘ የመስታወት ብልቃጥ ይገጠም ነበር። ኬሚካሉ ክሎሮፒክሪን ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመርዝ ያገለገለ። ዛሬም ያልተሰበረ ብልቃጥ ይገኛል። በጠባብ ጓዳ ውስጥ ቢፈነዳ ሰው ይጎዳል። የአንዳንድ አሮጌ ካዝና የእሳት መከላከያ ሙሌትም አስቤስቶስ አለበት። ግራይንደር እሱን አቡንኖ ሳንባ ውስጥ ይከተዋል። የግራይንደሩ ፍንጣሪ ደግሞ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያቃጥላል። ለወረቀት የሚሠራ የእሳት ካዝና ውስጡ ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ተብሎ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በላይ ወረቀት ይከስላል። እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ወረቀቱን ነው።

በዲያሉ ዙሪያ ዘይት ወይም ደብሊው ዲ 40 መንፋትም ይቅር። ዲስኮቹ ጋ አይደርስም፤ ከደረሰም አቧራ ይሰበስባል። ካዝናውን ገልብጦ መናወጥም አይታሰብ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ እግር ላይ ሲወድቅ ምሕረት የለውም።

የነገርኩዎትን ሁሉ ሞክረው ካልሆነ የካዝና ባለሙያ ይጥሩ። የበር ቁልፍ የሚቀርጽ ሁሉ ካዝና አይከፍትም። ሳቭታ በሚባለው የካዝና ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ ያለ ሰው ይፈልጉ። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ቁልፍ ሠሪ ፈቃድ እንዲኖረው በሕግ ይጠይቃሉ፤ ፈቃዱን ያሳይዎ። እሱም ካዝናው የእርስዎ ለመሆኑ ማስረጃ ይጠይቅዎታል፤ የውርሱን ወይም የሱቁን ወረቀት ያዘጋጁ። ሳይጠይቅ የሚከፍት ሰው ካጋጠመዎት ያሰናብቱት።

ጎበዝ ባለሙያ መጀመሪያ ሳይበሳ ይሞክራል። ዲያሉን በጣቱ እያዳመጠ ክንዷ የምትነካበትን ቦታ ይለካል፣ በወረቀት ይነድፋል፣ ክፍተቶቹን አንድ በአንድ ያገኛቸዋል። አንዳንዱ ዲያል የሚያዞር ማሽን ገጥሞ ይተወዋል። መብሳት ግድ ቢሆን እንኳ ቀዳዳው ጣት የማያስገባ ነው። በቀጭን ካሜራ ውስጡን አይቶ ይከፍታል፣ ቀዳዳውን በጠንካራ ብረት ይደፍነዋል፣ ካዝናውም አገልግሎቱን ይቀጥላል። ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ይጠይቁ፤ «ሳይበሳ ስንት፣ ተበስቶ ስንት» ብለው ለይተው።

በሩ ሲከፈት ደስታው እንዳያስዘጋዎት። ቁልፉ ይፈታ፣ ይጸዳ፣ በትንሹ አዲስ ቅባት ይቀባ፣ ቁጥሩም ይቀየር። በብዙዎቹ ቁልፎች የመጨረሻው ቁጥር ከ0 እስከ 20 ባይሆን ይመረጣል፤ ክንዷ የምትወርድበት ቦታ ስለሆነ ያስቸግራል። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውንና ስንት ጊዜ እንደሚያልፍም ይጻፉ፤ «ግራ 4፣ ቀኝ 3፣ ግራ 2፣ ቀኝ እስኪቆም» ብለው። ከዚያ በሩ ክፍት እንደሆነ እጀታውን አዙረው መቀርቀሪያዎቹን ያውጡ፣ ዲያሉን ያዛቡ፣ አዲሱን ቁጥር ይሞክሩ። ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙ። አንዱ እንኳ ካልያዘ በሩን አይዝጉት፣ ባለሙያው ገና ከደጅ ሳይወጣ ይጥሩት።