ስለ ዓይን ሞራና ሌንስ ጠይቁ

ዛሬ ማታ ስለ ዓይን ሞራ ኦፕራሲዮንና ስለሚገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ጠይቁኝ። ዶክተር አትበሉኝ፤ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። ከኦፕራሲዮን በፊት ዓይን ለክቼ የሌንሱን ቁጥር የማወጣው እኔ ነኝ። ዕድሜ ሳትጽፉ አትጠይቁ።

ከአዳማ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ሌንስ ከገባላት ሁለት ወር ሆናት። ሩቁን አጥርታ ታያለች፤ ምስር ስትለቅም ግን ድንጋዩ አይታያትም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ብዙ ሰው የሚገባለት ባለ አንድ ትኩረት ሌንስ ነው። ለሩቅ ከተስተካከለ ለቅርብ መነጽር ያስፈልጋል። አስለክታችሁ ግዙላት።

ከደብረ ማርቆስ፦ የአሜሪካ ሌንስ ይሻላል የህንድ?

መልስ፦ ይኼ ጥያቄ አይሰለቻችሁም? ከአገሩ ይልቅ ስለ ልኬቱ ጠይቁ! የአዋቂ ዓይን ርዝመት በአማካይ 23.5 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር ከተሳሳትኩ ውጤቱ ወደ ሦስት ዳዮፕተር (የሌንስና የመነጽር ኃይል መለኪያ፤ ቁጥር የምለው እሱን ነው) ይዛነፋል። እ.ኤ.አ. በ1949 የዓይን ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ ለንደን ላይ ለመጀመሪያዋ ታካሚ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲያስገባ ሌንሱ የተሠራው የአውሮፕላን መስኮት ከሚሠራበት ዓይነት ፕላስቲክ ነበር። ዓይኗ ፕላስቲኩን ተቀበለው። ስሌቱ ግን ስቶ ወደ 18 ዳዮፕተር የሚጠጋ ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር ተረፋት።

ሌላው፣ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ተናገሩ። አንድ መሪጌታ መጡልኝ። «ሩቁ ይቅርብኝ፣ ዳዊቴን ልድገም» አሉ። ቁጥሩን ለቅርብ አወጣሁላቸው። ዛሬ ያቺን በጢስ የጠቆረች የብራና ዳዊታቸውን ያለ መነጽር ያነባሉ። መነጽር የሚያደርጉት ከቤት ሲወጡ ነው። ሳይጠየቁ ለሩቅ ቢገባላቸው ያዝኑ ነበር።

ከሀዋሳ፦ አባቴ 71 ዓመቱ ነው። በተሠራ በሁለት ዓመቱ ሞራው ተመለሰ።

መልስ፦ ሞራ አይመለስም። ሌንሱ የተቀመጠበት ከረጢት ጀርባው ደፍርሶ ይሆናል። እሱ ከሆነ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል። ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) እና የሬቲና (በዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ችግር ግን አብሮ ይታይለት። የዓይኑ ጀርባ ከተጎዳ የትኛውም ሌንስ አያድነውም።

ከደሴ፦ አጎቴን ሞራው ይብሰል ብለናል።

ከጎንደር፦ ማብሰል የዱሮ ነው ባክህ!

ከደሴ፦ አያቴ አብስሎ ተሠርቶ እስኪሞት አይቷል። ምን ትለኛለህ?

ከጎንደር፦ የኔዋ አክስት ደግሞ ስታበስል ግፊት ጀምሯት ዓይኗ ጠፋ።

ከባህር ዳር፦ ሁለታችሁም ዕድሜ አልጻፋችሁም፣ ሃሃ።

መልስ፦ ማንጎ አይደለም የሚበስለው! በዱሮው አሠራር ይጠበቅ ነበር። አሁን ግን ሥራ ካስቸገረው በቂ ነው። በጣም ከቆየ ይደድራል፣ ኦፕራሲዮኑም ይከብዳል። አብጦም የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። የጎንደሩ ልክ ነው፤ ክርክሩ ይብቃ።

ከዱባይ፦ 54 ዓመቴ ነው፣ ማታ ማታ እነዳለሁ። ሩቅም ቅርብም የሚያሳየውን ላስገባ?

መልስ፦ ባለ ብዙ ትኩረቱን ማለትህ ነው። መነጽር ያስቀንሳል። ብርሃኑን ስለሚከፋፍል ግን ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ሊያሳይህ ይችላል። የሌሊት ሾፌር ብሆን እኔ አላስገባውም።

ከጅማ፦ ዓይኔ ጥሩ አይደለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይኼ ምን ጥያቄ ነው? የትኛው ዓይን? ከመቼ ጀምሮ?

ከጅማ፦ ቀኙ። 60 ዓመቴ ነው። ከአራት ቀን በፊት ተሠራሁ። ከትናንት ጀምሮ ቀልቷል፣ ያመኛል፣ እይታውም ቀንሷል።

መልስ፦ ስልኩን አስቀምጠው አሁኑኑ ወደ ሐኪም ይሂዱ! ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ነገ አይባልም። ዓይንዎን እንዳያሹ። ሌሎቻችሁም፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመም፣ መቅላትና የእይታ መቀነስ ካያችሁ እዚህ አትጠይቁኝ።

ከደብረ ማርቆስ፦ እሺ፣ የጀርመኑስ ሌንስ?

መልስ፦ ወደ ላይ ተመልሰህ አንብብ።

ከአዳማ፦ ሱቅ ክፍት ስለነበር መነጽር ገዛሁላት። ድንጋዩን አየችው! ራሷን ግን አመማት።

መልስ፦ አስለክታችሁ አላልኩም? ቁጥሩ ስንት ነው?

ከአዳማ፦ አልተጻፈበትም።