ልጄን ጸበል ወስጃታለሁ፤ ሐኪም ዘንድ ብወስዳት ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ነበረች። ከጥር ወር ጀምሮ ግን ሌሊት አትተኛም፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ «ሆዴን አመመኝ» ትላለች። መዝሙሩንም ተወችው። አባቷ «ቅብጠት ነው» ይላል። ጎረቤቶቼ «ዓይነ ጥላ ነው» ስላሉኝ ሁለት ሳምንት ጸበል አስጠመቅኋት፤ ትንሽ ተሽሏት ነበር፣ ተመለሰባት። ሐኪም ዘንድ ብወስዳት እምነቴን መካድ ይሆንብኛል? የእኔ ኃጢአት ይሆን በልጄ የመጣው? የፍልሰታ ጾምም ደርሷል።

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ አንዱን ቶሎ ልመልስና ልለፈው። የልጅዎ ሕመም የእርስዎ ኃጢአት ዋጋ አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ነገሩን ዘግቶታል (ዮሐ. 9)። እርሱ የዘጋውን በር እርስዎ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ አያንኳኩ።

ሌላው ሰፋ ያለ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ስላለው ሕመምተኛ ልጅ ስንሰብክ የምንቸኩለው ወደ መጨረሻው ነው። መካከሉን ይመልከቱልኝ። ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ፣ ሁሉን የሚያውቀው ጌታ ወደ አባቱ ዞሮ ይህ ከያዘው ስንት ዘመን እንደሆነ ጠየቀው። አባትየውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ መሆኑን፣ እሳትና ውኃ ውስጥ እንደሚጥለው ዘርዝሮ ነገረው። «አለማመኔን እርዳው» ብሎ የጮኸው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ግን ሳንጠይቅ ስም እናወጣለን፦ ዓይነ ጥላ፣ ቅብጠት፣ ስንፍና። (ጎረቤት ለሰው ልጅ ሕመም ስም ለማውጣት የሚፈጥነውን ያህል ወጥ ይዞ ለመምጣት ቢፈጥን ምን ነበረበት!)

እኔም ከዚሁ ጥፋት አልዳንሁም። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመታ ወጣት ነበረ። ቀስ በቀስ ከበሮውን ለሌላ እየሰጠ ከኋላ መቆም ጀመረ። አንድ ቀን ጠራሁትና «ጸሎት አቋርጠሃል» አልሁት፤ በቀን ስንት መዝሙረ ዳዊት እንደሚደግምም ወሰንሁለት። «እሺ መምህር» ብሎ መሬት መሬቱን እያየ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላናገረኝም። የዳዊት መድገም በጎ ነው። ግን እኔ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም።

ስለዚህ በመጠየቅ ይጀምሩ። «ምን ጎደለሽ?» ማለት ጥያቄ አይደለም፣ ወቀሳ ነው። ፊት ለፊት አስቀምጠው አይመርምሯት፤ ሽንኩርት እየላጣችሁ ወይም ልብስ እያጠፋችሁ ይሁን፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ። «ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የሚመጣብሽ ሐሳብ ምንድን ነው?» ይበሏትና ዝም ይበሉ። ዝምታው ይረዝማል። ምክር አይሙሉበት።

ሞትን ትመኝ እንደሆነም በግልጽ ይጠይቋት። ብዙ ወላጅ ይህን አፉ ላይ ማምጣት ይፈራል፤ ሐሳቡን በልጁ ልብ የሚዘራ ይመስለዋል። አይዘራም። ነቢዩ ኤልያስ እንኳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሱ እንድትወሰድ ለምኗል (1ኛ ነገ. 19)፤ መጽሐፍም አልደበቀበትም። «አዎ» ካለችዎ አይቆጧት፣ አያስምሏት፤ ብቻዋን አይተዋት፣ በቤት ያለውን መድኃኒትና የተባይ መርዝ ያርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ወደ ኤልያስ ልመለስ። መልአኩ ሲመጣ ስለ እምነቱ አልገሠጸውም። በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አኖረለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ አሁንም «ብላ» ነው ያለው። በእግዚአብሔር ፊት የቆመው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ ነው። በቤትዎም ለልጅዎ እንቅልፍና እንጀራ ከስብከት ይቅደሙ፤ ማታ ስልኳ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፣ የእርስዎም አብሮ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት መካድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው መጻሕፍት አንዱ የሆነው ሲራክ በምዕራፍ 38 የታመመ ሰው እንዲጸልይ ይመክራል፤ አያይዞም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ለባለ መድኃኒት ቦታ ስጠው ይላል። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። የአእምሮ ሕመም ከዚህ በምን ይለያል? ጸበሉን ይቀጥሉ፤ እርሷ ከወደደች ብቻ። «መድኃኒቱን ካላቆማችሁ ጸበሉ አይሠራም» የሚል ካለ ግን አይስሙት።

በአቅራቢያዎ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይችላሉ። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ሰውን ያደክማልና ይመረመርላት። አዲስ አበባ ከሆኑ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ስሙን ሰምተው አይደንግጡ። ለሁሉም ክኒን አይታዘዝም፤ ከባለሙያ ጋር ተከታታይ ምክክር ብቻ የሚበቃው አለ። መድኃኒት ከታዘዘላት የድብርት ክኒን ሥራው እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በወጣቶች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊያነሣሣ ስለሚችል ቀረብ ብለው ይከታተሏት። ተሻለኝ ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ።

ባለቤትዎን በልጅቱ ፊት አይከራከሯቸው። ሐኪሙ ዘንድ አብረው እንዲገቡ ብቻ ይለምኗቸው፤ ከሚስት አፍ ያልሰሙትን ከሐኪም አፍ የሰሙ ብዙ አባቶች አውቃለሁ። ቆላስይስ 3፥21ም አባቶች የልጆቻቸው ልብ እንዳይዝል እንዳያበሳጯቸው ያዛል፤ እርሱን ለእርሳቸው የሚነግራቸው የንስሐ አባታችሁ ይሁኑ።

ስለ ፍልሰታው፦ የጾምን ሥርዓት በአንቀጽ 15 የደነገገው ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን አያስገድድም። ለንስሐ አባታችሁ ሁኔታዋን ይንገሯቸውና ይፍቀዱላት፤ በራሷ ከወሰነችው ጾም አፈረስሁ የሚል ሌላ ጭንቀት ይጨመርባታል። ከዚያ ምሳዋ በሰዓቱ ይቅረብ። እርስዎ እየጾሙ ቢሆንም፣ በልታ እስክትጨርስ አጠገቧ ይቀመጡ።