የታጠበው ሲኒ
ከርነል ለምትነኩ የጎንደር ልጆች

ውድ ልጆች፣

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ በየቤታችሁ የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ኮድ ማንበብ ለጀመራችሁ ነው የምጽፈው። ትርፍ የሜሞሪ ጽዳት (በዜሮ መሙላት) ስታዩ ለማንሳት ትቸኩላላችሁ፤ መጀመሪያ ማን እንዳጸዳውና በየት በኩል እንዳጸዳው እወቁ።

ከርነሉ ለፕሮሰስ (በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም) የሚሰጠውን ፔጅ (የሜሞሪ ቁራጭ) በዜሮ ይሞላል፤ አለዚያ የሌላ ሰው የይለፍ ቃል ተርፎ ሊነበብ ይችላል። ተራው ፔጅ 4,096 ባይት ነው፤ በኢንቴል ማሽን የተለመደው ትልቅ ፔጅ 2,097,152 ባይት። ይህን ሁለቴ ማጽዳት ጊዜ ከመብላቱም በላይ ካሽ (የፕሮሰሰሩ ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ውስጥ የነበረውን ጠቃሚ ዳታ ጠርጎ ያስወጣል።

ሊኑክስ 5.3 (እ.ኤ.አ. 2019) ሜሞሪ ሲመደብ የሚያጸዳ «ኢኒት ኦን አሎክ» የሚባል፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚመረጥ የቡት አማራጭ አመጣ። ለተጠቃሚ ትልልቅ ፔጅ የሚያዘጋጀው ኮድ ግን ራሱም ያጸዳ ነበር። በ2024 ሁለተኛው ጽዳት ሲነሳ እንደ ሚፕስ ባሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ችግር ታየ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በእነዚህ ማሽኖች አንዱ ፔጅ በከርነሉ አድራሻና በተጠቃሚው አድራሻ ሲነካ ካሽ ውስጥ ሁለት ቦታ ሊይዝ ይችላል። በከርነሉ በኩል የተጻፈው ዜሮ ካሽ ውስጥ እንዳለ፣ ተጠቃሚው በራሱ በኩል አሮጌውን ዳታ ሊያነብ ይችላል። ትርፍ የመሰለው ጽዳት ለካ ሥራ ነበረው! አሁን ኮዱ ጽዳቱን ከመዝለሉ በፊት የካሹን ዓይነት ይጠይቃል።

ሜሞሪ የሚመድበው ኬዛሎክ (kzalloc) ሜሞሪውን አጽድቶ ነው የሚሰጣችሁ፤ ወዲያው ከሥሩ በዜሮ የሚሞላ ሜምሴት (memset) ካለ አንሱት። ሜምሴቱ ሉፕ ውስጥ ከሆነ ግን ተዉት፤ በመጀመሪያው ዙር ተጽፎበታል። አቦል የተጠጣበት ሲኒ ለቶና ይለቀለቅ የለም? ሜሞሪ የሚለቀው ኬፍሪ (kfree) ባዶ ፖይንተር (የትም የማያመለክት አድራሻ) ቢሰጡት ምንም አያደርግም፤ ባዶነቱን ለማጣራት ከፊቱ የሚቀመጠው «ኢፍ» አያስፈልግም። በ«ዴቭኤም» (ሜሞሪን ከመሣሪያው ጋር አያይዘው በሚመድቡ የከርነል ፈንክሽኖች) የተመደበውን ድራይቨሩ (መሣሪያውን የሚያሠራው ኮድ) ከመሣሪያው ሲላቀቅ ከርነሉ ራሱ ይለቀዋል። እናንተም በኬፍሪ ብትለቁት ከብክነት ያለፈ ብልሽት ነው፤ ሜሞሪው በመሀል ለሌላ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል።

የምስጢር ቁልፍ የያዘ ሜሞሪ ሲለቀቅ ጽዳቱን አትንኩ። ሜምሴት አድርጋችሁ ኬፍሪ ብትጠሩ፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) «ከዚህ በኋላ የሚያነበው የለም» ብሎ ሜምሴቱን ሊጥለው ስለሚችል አጽድቶ የሚለቀውን ኬፍሪ ሴንሲቲቭን ጥሩ። ሜሞሪ ሲለቀቅ የሚያጸዳው የቡት አማራጭ «ኢኒት ኦን ፍሪ» ያጸዳዋል ብላችሁ አትተዉት፤ አማራጩ በብዙ ማሽን ላይ ጠፍቶ ነው የሚገኘው።