የሙዚቃ ቡድን ስለማስተዳደር፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ለአሥራ ሁለት ዓመት የአንድ ባህላዊ ኦርኬስትራ ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ። ከተወዛዋዦቹ ጋር ሃያ ሁለት ሰው ነበርን። ባለፈው ሳምንት ስለ ቡድን አስተዳደር ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። የምችለውን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ እንዴት ይከሰራል? እኛ ሦስት ጊዜ አዘጋጅተን ሦስቱንም ጊዜ ከኪሳችን ጨመርን።

መልስ፦ የእናንተ ጥፋት ብቻ አይደለም፣ ሥራው በተፈጥሮው እንዲህ ነው። ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ነገሩን በደንብ አስረድተውታል። ፋብሪካ ማሽን ሲያስገባ በሰዓት የሚያመርተው ይጨምራል። ቤትሆቨን ለአራት ሰው የደረሰው ሙዚቃ ግን ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል፣ የሚፈጀው ጊዜም ያው ነው። የእኛም እንደዚያው። ማሲንቆ ተጫዋቹን አቻኩለህ ግማሽ ልትከፍለው አትችልም፤ የቤት ኪራዩና ጤፉ ግን በየዓመቱ ይወደድበታል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች እንኳ በአብዛኛው ከትኬት የሚያገኙት የወጪያቸውን ግማሽ አይሞላም፣ ቀሪው ከለጋሾችና ለዘለቄታው ከተቀመጠ ገንዘብ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በጀት ስትሠሩ ሁሉም ትኬት ይሸጣል ብላችሁ አትነሱ። እኔ የማሰላው በግማሽ አዳራሽ ነበር። የጎደለውን ማን እንደሚሞላ ካላወቅኩ ፖስተር አላሳትምም።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ልምምድ ላይ አይገኙም፣ ሰርግ ሲመጣማ ሁሉም ይጠፋል። ቅጣት ብንጀምር ባሰባቸው።

መልስ፦ ቅጣቱን ተወው ወንድሜ። ልጁ ሰርግ የሚሄደው ንቆህ አይደለም። ሰርጉ በዚያው ማታ ይከፍለዋል፣ ያንተ ልምምድ አይከፍለውም። እኔም መጀመሪያ የምከፍለው ለትርኢት ብቻ ነበር። አንድ ሐሙስ ምሽት ልምምዱ ሳያልቅ ዋሽንት ተጫዋቻችን ተነሳ። ዋሽንቶቹን አንድ በአንድ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና "ጋሼ፣ አሁን ካልወጣሁ ታክሲ አላገኝም፣ ለኮንትራት ደግሞ የለኝም" አለኝ። እኔ ለካ ሰነፍ ነው ብዬ ለወራት ቂም ይዤበት ነበር። ከዚያ በኋላ ለትርኢት ከምንከፍለው ላይ ቀንሰን ለእያንዳንዱ ልምምድ መደብን። ጠቅላላው ወጪ ብዙም አልጨመረም፣ የተለወጠው አከፋፈሉ ነው። ብሩ ዕለቱን፣ ስም በተጻፈበት ፖስታ፣ ሰው ከበር ሳይወጣ ይሰጣል። በሁለት ወር ውስጥ የሚቀር ሰው አጣሁ።

ሌላው የቀን መቁጠሪያው ነው። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሰርግ ናቸው፣ ከሰርግ ጋር አትታገል። ሁዳዴ ላይ ግን ሰርግ የለም፣ የምሽት ሥራውም ቀዝቀዝ ይላል። እኛ አዲስ ሥራ የምናጠናው ሁልጊዜ በሁዳዴ ነበር።

ጥያቄ፦ መድረክ ላይ ክራር እስኪቃኝ ተመልካቹ ይሰለቻል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ይሄ የተጫዋቹ ሳይሆን ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ችግር ነው። ቅኝታቸው የተለያየ ዘፈኖችን ትዝታ፣ ባቲ፣ እንደገና ትዝታ፣ ከዚያ አምባሰል ብላችሁ ከደረደራችሁ ክራሮቹ ሲቃኙ ያመሻሉ። በቅኝት ሰብስቧቸው። የትዝታዎቹን አንድ ላይ፣ የባቲዎቹን አንድ ላይ። ቅኝት በሚለወጥበት ቦታ ከበሮ ብቻውን የሚሸከመው ውዝዋዜ አስገቡ፣ ወይም ማሲንቆው ብቻውን ይውጣ፤ ክራሮቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይቃኛሉ። አቅም ካለ ለዋናው ተጫዋች ሁለተኛ ክራር ግዙ። ዋሽንት ቀዳዳው አይነቃነቅም፣ ስለዚህ ለየቅኝቱ የሚሆኑት በቅደም ተከተል ተደርድረው ይቀመጡለት። ክረምት ላይ ደግሞ የከበሮና የማሲንቆ ቆዳ በእርጥበት ይላላል። አዳራሹ ቀድሞ እንዲከፈትላችሁ ተስማሙ፣ መሣሪያው ሙቀቱን ይልመድ።

ጥያቄ፦ መሪውን ማን ይምረጥ? ቦርዱ ነው ወይስ ተጫዋቾቹ?

መልስ፦ ሁለቱም አለ። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ዋና መሪውን የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ናቸው፣ ኪሪል ፔትሬንኮን እ.ኤ.አ. በ2015 በድምፅ የመረጡት እነሱ ናቸው። የቪየና ፊልሃርሞኒክ እ.ኤ.አ. ከ1933 ወዲህ ቋሚ መሪ የለውም፣ ራሳቸውን አስተዳድረው መሪ በእንግድነት ይጋብዛሉ። ቦርድና ተጫዋች ሳይግባቡ ሲቀሩ የሚሆነውን ለማየት ደግሞ አሜሪካ ያለውን የሚኒሶታ ኦርኬስትራ ተመልከቱ። በደመወዝ ቅነሳ ተጣልተው አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጥቅምት እስከ 2014 መጀመሪያ ተጫዋቾቹን አስወጥቶ በሩን ዘጋ። መሪው ኦስሞ ቫንስካም መሃል ላይ ሥራውን ለቀቀ፣ የተመለሰው ከዕርቁ በኋላ ነው። እኔ የማምነው ቢያንስ ሁለት ተጫዋች ቦርድ ውስጥ ድምፅ ይዞ መቀመጥ አለበት። ሒሳቡን ያየ ሰው ገንዘብ የለም ሲባል ያምናል።

ጥያቄ፦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከሚባለው ምን እንማራለን?

መልስ፦ ግብፅ የተወለዱት የሙዚቃ ሊቅ ሀሊም ኤል ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ አቋቋሙት፣ በኋላ ተስፋዬ ለማ መሩት። ከተለያየ የአገራችን ክፍል የመጡ፣ አብረው መጫወት ያልለመዱ መሣሪያዎችን አንድ መድረክ ላይ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን፣ አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ፣ ተበተነ። ቡድኑ ሲበተን የተረፉን ቅጂዎቹ ናቸው። ስለዚህ ቅረጹ። ልምምዱንም ጭምር፣ በስልክም ቢሆን፣ ቀኑንና የተጫዋቾቹን ስም ጽፋችሁ።

ጥያቄ፦ ስፖንሰር እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ ደብዳቤ አትላኩ፣ ልምምድ ላይ ጋብዟቸው።

ጥያቄ፦ የድሮ ዘፈን መድረክ ላይ ስንጫወት ፈቃድ ያስፈልገናል? ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሚጫወተው።

መልስ፦ ያስፈልጋል። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 በሕዝብ ፊት መጫወትንም ይጨምራል፣ መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ለአንድ ሟች የዜማ ደራሲ ልጅ ደወልኩ። ብዙ ገንዘብ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። የጠየቀችኝ ትንሽ ክፍያና ለእናቷ የፊት ወንበር ነበር። እናትየው መጥተው የባላቸው ዜማ ሲጀመር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ወረቀቱን በማግስቱ ፈረምን፣ እስከ ለቀቅኩበት ቀን ድረስ ፋይሉ ውስጥ ነበር።